በውሉ ያልገቡት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሳገላብጥ፣
የሰውን የድንበር ጠብ በቁጥር ሳስቀምጥ፣
«ከሳሽ አቶ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሊት፣
ጭብጡ፦ ግማሽ ክንድ የጓሮ መሬት»
ብዬ እየጻፍኩኝ፣ እየሰፋሁ በክር፣
የራሴ የምለው አንድ እግር ጎመን ሳይኖር
ጡረታ ደረሰ።

«በቃኝ» አለች ፈንታነሽ፣ «ወፍጮ ቤት ጎን መተኛት፤
ዱቄት ስተነፍስ ኖርኩ፤ እስቲ ደግሞ አፈር ላሽትት።»

ደላላው ሙጬ መጣ፣ ባጃጅና ወሬ ይዞ፤
«ጌታዬ» ማለት ጀመረ ገና ሳንለቅ አዘዞ።
«ጌታዬ፣ አጥሩ ድንጋይ፤ ጌታዬ፣ ውሃው በደጅ»፤
ጠዳን ስናልፍ ገባኝ፣
እያንዳንዷ «ጌታዬ» ሺህ ብር ልትፈጅ።

ማክሰኚት ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ
ክብ የድንጋይ ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጎ በርበሬ የመሰለ፣
አንዱ መስኮት ሰማያዊ፣ አንዱ ቀለም የጎደለ፤
በሩ ዝቅ ያለ።
«ባሌ ነው የሠራው» አለች ወይዘሮ አንጓች፣
ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ እየፈታች።
«አጭር ነበር፣ እልኸኛ።
‹ጎንበስ ይበል!› ይል ነበር፣ ‹ጭቃ ሹምም ይምጣ ዳኛ!›»
ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ከጓሮ፦ ሦስት እግር ጌሾ፣ አንዲት ጎባጣ ኮክ፣
ከሎሚው ሥር ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት በመደቡ ልክ።
ዱባው ግን አጥር ዘሎ ከሰው ግቢ እግሩን ዘርግቷል፤
በኔ መዝገብ ቢሆን ኖሮ «ሁከት ይወገድልኝ» ያስብላል፤
እዚህ ጎረቤት ፍሬውን ቆርጦ
ግማሹን በሰፌድ ይመልሳል።

ውሉን ራሴ ጻፍኩት፤ ለማን ልተወው?
«ቤቱና በላዩ ያረፈው ንብረት»፤ መሬቱማ፣ እንደሚታወቀው፣
አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከፈልኩ ለግድግዳው፤
የቆመበት ግን የእሷም አልነበር፣
የኔም አይደል እንዲያው።

ልፈርም ብዕር ሳነሳ «ቆይ» አለች አንጓች፤
የምሥራቁን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች።
«እነዚህንስ ምን ብለህ ጻፍካቸው?»
ጆሮዬን ለጠፍኩ። ድንጋዩ ያጉረመርማል።
ንቦች። ጭቃው በሸሸበት ስንጥቅ፣ በድንጋይና በድንጋይ መሀል።
«ባሌ በሞተ ሳምንት መጡ፤ አልጠራኋቸው፣ አላባረርኳቸው፤
ሲተርፋቸው በስንጥቁ ይወርዳል፤
በጣቴ እቀምሳለሁ እንጂ ቆርጬ አላውቅባቸው።
በፊታቸው አትቆጣ።
ቁጣ ያሸታሉ። የሄዱ ለት ተከትሏቸው ማን ሊመጣ?»

ሙጬ ሳቀ፤ «ጌታዬ፣ ለቀፎው ትንሽ ይጨመር።»
አየችው። አንገቱን ደፋ፣ ይልም ጀመር መሬት ይጭር።
«ያልገዛሁትን አልሸጥም» አለች፣ «ግን ጻፍልኝ፣ እንዳይደፈኑ።»

አንቀጽ ፈለግኩ በሐሳቤ፤
ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ከዳኝ ልቤ።
«ንብረት» የሚለው ቃል ላይ ጣቴ ቆመ፤
ስንት ሺህ ጊዜ የጻፍኩት፣ ስንቱ ወንድም ወንድሙን የታመመ፤
ከቃሉ ራስ ላይ ንብ ተቀምጣ
አይቻት አላውቅም ነበር፤
መናደፏን ግን አውቅ ነበር።

ስለዚህ ጻፍኩ፦ «ተራ ቁጥር ሰባት። ከምሥራቁ ግድግዳ ያሉት
አልተሸጡም፣ አልተገዙም፤ ገዢው ይጎራበታቸዋል እስከቆዩለት።»
አንጓች በአውራ ጣቷ ፈረመች፤
አንድ ጣሳ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ወደ ልጇ ሄደች።

ትናንት ጣራ ጠጋኙ የጠራብኝ ዋጋ አናደደኝ፤
ልጮህ አፌን ከፈትኩና፣ ግድግዳው ትዝ አለኝ።
ከአጥር ወጣሁ፣ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ ስንደረደር፣
ጤፍ ለጫነ አንድ ኤፍ ኤስ አር
የሆዴን ጮህኩበት። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፍቶ መለሰልኝ።

ስመለስ መሽቷል። ፈንታነሽ፣ እጇ አፈር እንደለበሰ፣
ከስንጥቁ ሥር ጣቷን ዘርግታ ቆማለች፤
ምንም አልፈሰሰ።