በምስማር የተሰቀለ ስልክ

ከኾሮግ ጤና ቢሮ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ከምድጃው አጠገብ፣ በረዶው ሳይለቅ፣
አርባ አንድ ስም ይዤ በእርሳስ የተጻፈ፣
እደውላለሁ፤ የመርፌው ቀን ያለፈ
ሕፃን ወዳለበት፣ ባርታንግ ሸለቆ፣
ቤት ከገደል ጋራ ወደሚያድርበት ተጣብቆ።

ወንዙ ሲቆጣ ድልድዩን ይወስዳል፤
መኪና ሲመጣ መንገዱ ይናዳል፤
ስልክ ግን ይሻገራል፤ አይርበው፣ አይበርደው፤
ያውም ቀን ሲሰጠው፣ መስመሩ ከወደደው።

ኔትወርክ እዚያ መንደር ያለው አንድ ቦታ ነው፤
ከኮኩ ዛፍ ግንድ ላይ፣ ምስማር ከተመታው።
ሽማግሌው ሚርዞናቢ ስልኩን በክር ሰቅሎ፣
ጆሮውን ይጥላል በጎች በረት ውሎ።
እጁ ላይ ሲይዘው መስመሩ ይሞታል፤
ምስማሩ ላይ ሳለ ሰው ሰው ይሸታል።

አምስት ጊዜ ጠራሁ። ስድስት። አላነሣም።
በግ ጠፍቶበት ይሆን? ጆሮው ዛሬ አይሰማም?
መጋቢት ነውና ናዳም ይኖራል፤
እጄ ወደ ሌላው መስመር ይዞራል።

ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት።
የልጅ ስም፣ ፓሪዞድ። የእናት ስም፣ ቦዶምጉል።
የኩፍኝ መርፌ፦ ባዶ።

ደወልኩ። የወንድ ድምፅ። ከኋላው ማሽን ያገሣል፤
ብረት ብረት ሲቆርጥ፣ ሰው በሩስኛ ይሳደባል።
«አባት ነኝ» አለኝ፤ «ያለሁት ቼልያቢንስክ፤
ልጄ ምን ሆነች? በዚህ ሰዓት የምን ስልክ?»

ምንም አልሆነችም፣ አልኩት፤
ምንም እንዳትሆን ነው የደወልኩት።

ማሽኑ ዝም አለ፤ ወይ እሱ ነው የራቀ።
«ስንት ወር ሆናት?» ብሎ እኔን ጠየቀ።

እኔን! ፊቷን አይቼ የማላውቃትን።
መዝገቡን ገልጬ ነገርኩት ለአባቷ ዕድሜዋን፦
አሥራ አራት ወር ከስድስት ቀን።
ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ
(ክብደቷን መች ጠየቀኝ፤ ግን ሰው ዝም ሲል
የእኔ አፍ አያርፍም፤ ያለውን ይነግራል አውጥቶ)።

«እዚህ ማደሪያችን አንዱ ቪዲዮ አሳየን፤
መርፌው ያመክናል ይላል። እውነት ይሆን?»
አይደለም፣ አልኩት። ከሳምንት በኋላ ግን ያተኩሳት ይሆናል፤
ሽፍታም ሊወጣባት፣ ሌሊት ልትነጫነጭ፤ ደግሞ ያልፋል።
«አንዳች አይነካትም» ብዬ ባጣፍጠው ይቀለኝ ነበር፤
ይህ ሥራ ግን አይወድም የተበደሩት ማር።

«ቆይ» አለኝ፤ «ሚርዞናቢ አጎቴ ነው፤ እኔ ልደውልለት፤
ለእኔ ብቻ የሚጮህ ዜማ አስገብቼበት
ነው የመጣሁት። ያን ሲሰማ በጉንም ይጥላል።»
ደህና ሁኚ ሳይለኝ መስመሩ ይዘጋል።

ከእኔ እስከ መንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤
ቃሌ ግን አገር ዞረ፣ ከኡራል ተራራ ማዶ አደረ፤
ከፎቅ ግንባታ ላይ፣ ከሲሚንቶ አቧራ፣
ተመልሶ መጣ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ተጠራ።

ሐሙስ ነው። ነርሷ ሳፋርሞ በረዶ ሳጥኗን አዝላ፣
በሽቦ ጋሪ ወንዙን ተሻግራለች፣ በእጇ ገመድ ስባ።
እኔ ምድጃውን ቆስቁሼ፣ ሻዬን ረስቼ፣
ስልኬን አያለሁ፤ እንደ ሕፃን አስተኝቼ።

ጮኸ። «ሚርዞናቢ ነኝ። ምስማሩ ጋ ነኝ።» ሰላምታ የለም።
«መጥታለች። ስድስቱን ወጋች። አንዷ እናት እምቢ አለች፤ አልገፋናትም።
የናቭሩዝሾ ልጅ ግን ትሰሚያታለሽ?»
ሰማኋት።
ሸለቆውን ሙሉ ታለቅሳለች፤
ቁጣዋ ቅርንጫፉን ያወዛውዛል፤
መስመሩ ይቆራረጣል፣ ደግሞ ይቀጥላል።

ለአባቷ ደውልና አሰማው፣ አልኩት።
«ሰማ» አለኝ፤ «አንቺን ከእሱ ቀጥሎ ነው የጠራሁት።»

እርሳሴን ቀረፅኩ። ባዶዋን ሞላሁ።
እምቢ ያለችውን በሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ጻፍኩ፤ እጠብቃለሁ።
ተራ ቁጥር አሥራ ስምንት።
ይጠራል።