የግርጌ ስም

ኦውሉ ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሥራዬ መመርመር ነው፦ ተማሪው የጠቀሰው ምንጭ በእውነት አለ ወይ?
መጽሐፍ ከሆነ ቀላል ነው ነገሩ፦
ደራሲው፣ ዓመቱ፣ የታተመበት አገሩ።
ጋዜጣ ከሆነ፣ ቀኑ ከወሩ ጋራ፤
ደብዳቤም ከሆነ፣ የየትኛው ማኅደር፣ የስንተኛው ተራ።
ካርታ የራሱ ወግ፣ ፎቶ የራሱ ሕግ፣ ፊልም የራሱ አለው፤
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታ ከሳተች፣ ገጹን ነው የምመልሰው።
ተማሪዎች ታዲያ በኔ ይቀልዳሉ፤
«ታይስቶ ፊት ሲቀርብ አራት ነጥብ እንኳ ያልበዋል» ይላሉ።

መጋቢት ላይ ሄልካ የምትባል ልጅ ጥናቷን ይዛ መጣች፤
የወንዙ በረዶ በየዓመቱ መቼ እንደሚሰበር ቀን በቀን አወጣች።
መጻሕፍቱ ልክ፣ ጋዜጦቹ ልክ፤ እያረምኩ ወረድኩ፤
አርባ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬን አንሥቼ ደረቅኩ፦
«የበር መቃን። በጀልባ አሻጋሪው በኦቶ ሱቫንቶ ቢላ የተቆረጠ፤
በየፀደዩ አንድ ረድፍ፣ የቀኑን ያህል ጭረት፤ ሠላሳ አንድ ረድፍ፣ ዛሬም በቦታው የተቀመጠ።»

በር እንዴት ይጠቀሳል? ደንቡን ገለጥኩ፣ ማውጫውን አየሁ፤
ለቃለ መጠይቅ ቦታ አለ፣ ለሐውልት እንኳ አለ፤ ለመቃን ግን አጣሁ።
«ልጄ፣ ምንጭ የሚሉት ይከፈታል እንዴ? ይዘጋል?» አልኳት፤
«መዝጊያው እንጂ መቃኑ ንቅንቅ አይልም» ስትለኝ አመንኳት።

ልናየው ሄድን በአውቶቡስ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፤
ወንዙ ነጭ ዝም ብሏል፤ ከሥሩ ውሃው ያጉረመርማል፣ ቀን ቆጥሮ ለመውረድ።
ቤቱ ባዶ። ሌምፒ የምትባል አሮጊት ጎረቤት ቁልፍ ይዛ መጣች፤
ሄልካ ጭረቱን በጣቷ ስትቆጥር ዳር ቆማ አየች፤
ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ይህን ኦቶ አልሠራውም» አለች።
«ኦቶማ በፀደይ ግንድ ሊያወርድ ሄዶ፣ ሰኔ ነው የሚመጣ፤
ሳይማ ነበረች፣ ሠራተኛዋ፣ በረዶው ሲፈነዳ በሌሊት የምትወጣ።
ሰምታ ነው የምትጭረው፤ ጆሮዋን ነው ያመነችው፤
ፊደል መቼ ቆጠረች? ቢላ ነው ብዕሯ፣ በቢላ ነው የጻፈችው።»

እኔ ሞኝ! ቁጥር የሚያውቅማ «አሥራ ሁለት» ብሎ ባጭሩ ይጽፋል፤
በውርጭ ቆሞ አሥራ ሁለት ጊዜ እንጨት ሲፍቅ ማን ይለፋል?

«ማን ነገረሽ?» አልኳት፣ ሙያዬ ነውና።
በዐይኗ ጠቀሰችኝ። «ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩና።»

በመመለሻው ሄልካ ዝም አለች። ማተሚያ ቤቱ ለነገ ነው የቀጠረ፤
አማካሪው ፈርሟል፤ ኦቶ ባሥራ አንድ ቦታ ተጠቅሶ ከበረ።
«ቢቀርስ?» አለችኝ፣ «ቀኖቹ ያው ቀን ናቸው፤ ቁጥሮቹን ማን ነካቸው?
ሳይማም አትወቅሰኝ፣ ኦቶም አያመሰግነኝ፣ አፈር ከበላቸው።»

ደክሞኝ ነበር። «ይቅር» ልል ምንም አልቀረኝ።
መስኮቱ ላይ ጭጋግ ነበረ፤ ጣቴ ሳላዝዘው አንድ ጭረት ጫረልኝ።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል የኖረ ቃል፤
አንቺ ግን አልወሰድሽ፤ ያንዷን ላንዱ አደልሽ። ይህስ ማንን ያደምቃል?

ያን ሌሊት ፎቁን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ።
እሷ ትተይባለች፤ እኔ ከጎኗ ስም ለቀምኩ።
ኦቶን ካሥራ አንዱም ቦታ አነሣነው፤
ቤቱንና በሩን ተውንለት፣ የሱ ነው።
«የቤተሰብ ስም ይቀድማል» ይላል ደንቡ፤ የሳይማን ማን ያውቃል?
ሌምፒም አልሰማችው። በገዛ ስሟ ገባች፤ ደንብ ላንድ ሌሊት ይወድቃል።

በደቃቅ ፊደል፣ ከገጹ መድረሻ፦
«ጭረቶቹ የሳይማ ናቸው። ምስክር፦ ሌምፒ ኒስካ፣ ያኔ የስምንት ዓመት ፋኖስ ያዥ፤ በቃል፣ ደጃፉ ላይ፣ መጋቢት መጨረሻ።»
ሳይማ ስትኖርም ግርጌ ነው የተኛች፣ ከኩሽናው ጥግ፤
ዛሬም ግርጌ ናት፤ ግን በስሟ። ግርጌም አለው ወግ።

ግንቦት ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ።
«ሄደ» አለች ሌምፒ፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋች።
ወረቀት ፈልጌ ቀኑን ጻፍኩ። ከጎኑም፦ «ሌምፒ ሰማች»።