ያደረ ሞተር

ከጮቄ የወረደ ውርጭ ግቢዬ አድሮ፣
መስታወቱን ሸፍኖ በሩን ቆልፎ አስሮ፣
ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ሰማያዊ ጭሱን እንደ ካባ አድርጎ፣
ለአንዲት ደቂቃ ያህል ተጀንኖ ቆመ፤
ከዚያ ጠራ፤ ፀጥ አለ፣ ምንም እንዳልታመመ።

አሮጌ ዲኤክስ ነው፤ ቢቸና የገዛሁት
ከልመንህ፣ ከእህል ነጋዴው፤
«አሁን ነው ከገበያ ሞቆ የደረሰው፣
እጅህን አሳርፍበት፣ አስነሳና እየው!»
መዳፌን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ ሳኖረው፣
ሙቀቱን ቆጠርኩት እንደ እንግዳ አቀባበል፤
ብሩንም ቆጠርኩለት፣ «ይቀነስ» እንኳ ሳልል።

ይስማው ጋራዥ አለው፣ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
«እዚሁ ይደር» አለኝ፣ ጀምበር ስትገባ።
«የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ይመስላል፤
ሌሊት የቋጠረውን ጠዋት ይናዘዛል።»

በነጋታው ማለዳ ጋቢ ደርቤ ሄድኩ፤
ነጭ ካርቶን ይዟል፤ አጠገቡ ተንበረከኩ።
«አስነሳ!» አለ ለልጁ። ማርሚታው አስነጠሰ፣
ሰማያዊው ጉም ወጥቶ ፊታችን ላይ ፈሰሰ።
ይስማው አልሸሸም፤ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ፣
ዓይኑን እንደ ጠላ ቀማሽ ጨፍኖ ሰነበተ።

«ነጭ ሆኖ ቢጣፍጥ፣ ራዲያተሩ ነው የሚጎድለው፤
ጥቁር ቢሆን ቤንዚን ነው፣ ከልኩ በላይ የጠጣው።
ይኼ ዘይት ነው። ታዲያ ሲሞቅ ለምን ተወው?
ፋሻው ቢሆን፣ ከአባይ ሸለቆ ስትወጣ በዳገት፣
ጭሱ ይከተልህ ነበር እስከ ደጀን፣ እንደ ጅራት።
የባልቦላው ጎማ ነው፤ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል፤
ሌሊት፣ አንተ ስትተኛ፣ ዘይቱ ይንጠባጠባል፤
አንድ፤
ቆይቶ አንድ፤
ፒስተኑ ላይ ይጠራቀማል፤
ጠዋት ያችኑ ያቃጥላል፤ አለቀ፤ ዝም ይላል።»

ጎማዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ ዋጋዋም ትንሽ፤
ቴስታታ ማውረዱ ነው ኪስን የሚያበላሽ።
አስቤ ነበር፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፤
ጎማዋን ለጥቅምት ቀጠርኳት፤ ጥቅምትም መጣ፣ ተመለሰ።

አሁን ልሸጠው ነው። ገዢው የአማኑኤል መምህር፣
ስሙ ምንይችል፤ «ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎኝ ነበር።
አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ቁልፉ በእጄ ነው።
ሩብ ሰዓት ባሞቀው፣ ማን ያውቃል? ማን ያየው?
ጭሱ ለውርጩ ይቀራል፤ ልጁን ሙቀቱ ይቀበለው፣
እኔን ቢቸና እንደመሰለኝ፣ መስተንግዶ ይምሰለው።

በሩን ከፈትኩ። ወንበሩ በረዶ ነው። ተቀመጥኩ።
ቁልፉን አስገባሁ፤
አወጣሁ።

መጣ። ገና ሳንጨባበጥ እጁን ዘረጋ፣
ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኮፈኑ፤ ቆየ፣ እስኪረጋጋ።
«ቀዝቃዛ ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ፣ በጥርጣሬ።
«አዎ፣ አድሯል» አልኩት። ቁልፉን ሰጠሁትና፣ ዞሬ፣
ከማርሚታው ኋላ ቆምኩ፤ የሚወጣውን ላይ፣ አብሬ።