ውሃ ልክ

ደቻቱ ደርቋል። አሸዋው ላይ ፍየል ቆሟል፣
አንድ ባጃጅ ጎማው ሰምጦ በልጆች ይገፋል።
ወንዝ ነው ቢሏችሁ አታምኑም፤
እኔም ያን ሌሊት ባላይ አላምንም።

ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ገዛን፣
በአህያ ጋሪ፣ በቢጫ ጀሪካን፤
ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ጆንያውን አራስን፣
ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ።
የድሬ ፀሐይ ያልጠጣ ሲሚንቶ አይምርም።
ዘበኛው ሙሜ የጀሪካኑን ክዳን እየፈታ
«ውሃ ለበላቸው ደግሞ ውሃ በብር!» ብሎ ሳቀ፤
ሳቁን ግማሽ ላይ ዋጠ።
የእህቱ ስም ከስሞቹ መሀል ነው።

ሰሌዳው ካዲሳባ መጣ፣
በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ።
ነሐስ ነው። ከበደኝ።
ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ጥገና ቤት
የፍሬን ጫማ አጥብቄያለሁ፣ የፉርጎ መጋጠሚያ፤
ብረት ጠብቆ ሲነክስ ድምፁን አውቃለሁ፣
ክርክር የሰለቸው ሰው «እሺ» እንደሚል።
ስም ግን አጥብቄ አላውቅም።

መሐንዲሱ ትናንት እንዲህ አለ፦
«ሌባ ነሐስ ይወዳል። ሲጠብቁ ራሳቸውን በይዳቸው፣
ዳግመኛ እንዳይፈቱ።»

አራት ቀዳዳ። በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፣
ውሃ ልኬን ከላይ አስቀመጥኩ፤
አረፋዋ መሀል ቆመች።
በዚች ከተማ ልኩን የሚያውቅ ውሃ
አንድ እሷ ውስጥ ያለው ነው፣
ጣት በምታህል ብርጭቆ ተዘግቶበት።

አንደኛው በደህና ተበሳ፣ ሁለተኛውም።
ሦስተኛው ላይ ድሪሉ ጮኸ፣ ፌሮ ነካ፤
ጫፉን ቀይሬ ገፋሁ።
ጉድጓዱን በአፌ ነፋሁ፣ አቧራው ቅንድቤን አሸበተው፤
ፊሸሩን በመዶሻ፣ ብሎኑን በቁልፍ።

ኸድራ የመጣችው ያኔ ነው፣ የልጅ ልጇን ይዛ።
«ነገ ሹም ይበዛል፣ ሪባን ይቆረጣል፣
እኔን ማን ያስጠጋኛል? የቱ ነው የሱ?»

ሮብሌ፣ በቋንቋዋ፣ ዝናብ ይዞ የመጣ ማለት ነው።
ሲወለድ ዘንቦ ነበር።

ከላይ ወደ ታች «ሮ»ን ፈለግኩ።
አገኘሁ፦ ሮቤል ጉሌድ።

አንዱ ጸሐፊ፣ ባንዱ ቢሮ፣ ደግ ሠርቶ አርሞታል።
አንዲት ቀለበት ናት፣ ሌላ ምንም አይደለም፤
ከ«ለ» እግር ተነሥታ «በ» እግር ስር ገባች፣
ልጁንም ካናቱ ደጅ ይዛ ሄደች።
ጎርፍም ያን ሌሊት እንዲህ ነበር የሠራው፣
የዚህን ቤት በር እዚያኛው ሰፈር።

ፊደል አታውቅም። ጣቷን ሰጠችኝ፤
ይዤ አስቀመጥኩት።
ነሐሱ ያቃጥላል፤ አልሸሸችም፤
«ሮ» ላይ ብዙ ቆየች።

ኢፍራህ ግን ሦስተኛ ክፍል ናት።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፦ «ሮ… ቤ…»
ቀና አለች። አየችኝ።
አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ በእጄ፣
ላቤ ካገጬ ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ፣
ጠቆረ፣ ወዲያው ጠፋ።
«አዎ አዬዮ» አለች ልጅቷ፣ «ሮብሌ ይላል።»
አሮጊቷ ጎንበስ ብላ የሌላ ሰው ስም ሳመች።

ሄዱ። ከተማው ለቀትር እንቅልፍ በሩን ዘጋ፤
ሙሜ ጆንያው ላይ ተጋደመ።
ስልኬ ጮኸ፦
«ጠበቁ?»
«ጠበቁ።»
«ተበየዱ?»
የብየዳ መነጽሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ አልነካሁትም።
«ተበየዱ» አልኩ።

ቁልፏን ኪሴ ከተትኩ፣ ከቤቴ ቁልፍ ጎን።
ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ልኬን ሰሌዳው ራስ ላይ አጋደምኳት፤
አረፋዋ፣ ያች ትንሽ ቀለበት፣
መሀል ልትቆም ስትል
ትንሽ ወዳንድ ወገን ሸሸች።