ውኃ ልክ

ሥራዬ ትንሽ ናት፤ ጎሕ ሲቀድ እወርዳለሁ፣
ደንገሉን በክንዴ ገለጥ አደርግና ብረቱን አያለሁ፤
ጣና ስንት ወጣ፣ ስንት ጣት ጎደለ፣
በቀን በቀኑ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ እስካለ።

ልጄንም በዚያው እጄ ልለካው ሞከርኩ።

አራት ዓመቱ ላይ
ይሁኔ ቃል አልነበረውም፤ ቆርኪ ነበረው።
ከደጃፍ እስከ አጥር ቆርኪ ሲደረድር፣
አንዷ ከተነካች እሪ ሲል ሲያድር፣
የባጃጅ ጥሩምባ ጆሮውን ሲያስይዘው፣
ስሙን ስንጠራው የዘንባባ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያፈዘው፣
ጎረቤት፦ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ይሻለዋል»፤
ሐኪሙ፦ «ኦቲዝም»፤
እናቱ፦ ዝም።

በአምስት ዓመቱ ግን ክረምት ገባለት።
«ውኃ» አለ መጀመሪያ፤ ከዚያ «በቃ»፤ ከዚያ «ሌላ ውኃ»።
ከሐይቁ ቁጥር ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ጻፍኩለት፦
ሐምሌ ሦስት፦ ሰባት ቃል።
ነሐሴ አጋማሽ፦ ሠላሳ አንድ።
ጳጉሜን አራት፦ እጄን ያዘኝ፣ ሳልጠይቀው፣ በመንገድ።

እንዲህ ከሞላማ፣ አልኩ፣ ትምህርት ቤት እስኪገባ
ከእኩዮቹ እኩል ነው።
ስሌት ነበር፤
ጣናን ሐምሌ ላይ ብቻ ያየ ሰው ስሌት።

መስከረም ካለፈ ሐይቅ መሙላት ያቆማል።
እሱም ቆመ፤ ወይም እኔ ቆመ አልኩ።
መዋዕለ ሕፃናት፣ ሁሉም ለየራሱ አሸዋ ሲዝቅ፣
ከማን ይለያል? ጎን ለጎን ነው፣ ርቀቱ አይታወቅ።
ሁለተኛ ክፍል ግን ኳሷ ሕግ አወጣች፣
ሳቅ ሚስጥር አበጀች፣
ወሬ በዓይን ጥቅሻ መሻገር ጀመረች፤
ይሁኔ ከባንዲራው እንጨት ሥር ቀረ፣
የግቢውን ጡብ ከዳር እየቆጠረ።
መምህርት ውዴ ካርዱ ላይ «ለውጥ የለም» ብላ ፈረመች።
እርሳሴን ኪሴ ከተትኩ።
ሐይቁን ብቻ፣ በብዕር፣ መጻፍ ቀጠልኩ።

ኅዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተከትሎኝ ወረደ።
ጭጋጉ ወፍራም ነው፤ መነጽሬ እቤት ቀርቷል።
ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ፣
«ሁለት ሜትር ከሰማንያ ስድስት» አለ።
«አምና በዛሬዋ ቀን ዘጠና አንድ። ካቻምና ዘጠና ሦስት።»
ከዚያ ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ዘለቀ፣ ደብተሮቼን ሁሉ በቃሉ፤
ጳጉሜን አራት፣ እጄን ያዘኝ፤
ሐምሌ ሦስት፣ ሰባት ቃል፤
ስጽፍ እንደማጉተመትመው፣
በእኔው ድምፅ፣ በእኔው ሳል።

ዝም አለ። አንዲት ይብራ ከደንገሉ ተነሣች።
«ኅዳጉ ለምን ባዶ ሆነ?» አለኝ።

እስከዛሬ «ምን» ይላል፣ «የት» ይላል፤
«ለምን» ብሎ አያውቅም።

እርሳሷ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት።
ጣና አንድ ጣት ሸሽቷል፤
ያንን ብቻ ጻፍኩ።