ቀሪ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ራስ አል-ኸይማ ዳር፣
እኔና ሻህናዋዝ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፤
ባሕሩ ጨውን ጥሎ በቧንቧ ሲሻገር
በሦስት ሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ የሚቆጥር
ባለ ስምንት አሃዝ ቆጣሪ።
ሥራዬ ማየት ነው።

ድሮ፣ አላማጣ፣ ጠመኔ በእጄ ሳለ፣
ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ላላለ
«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ።
ለሰባት ተካፍሎ ጥግ ላይ ለተረፈው
እሱንም «ቀሪ» አልኩ።
አንድ ቃል መሆኑን ልብ ሳልለው
ደወል ተደወለ።

ይህን ቁጥር ስጠብቅ አሥራ አንደኛ ሌሊቴ፦
አሥራ አምስት ሚሊዮን፣
አራት መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ፣
ስምንት መቶ ስልሳ ሦስት።
ከአንድና ከራሱ በቀር የሚገባበት የሌለ፤
ብቸኞቹ ቁጥሮች ከሁለት ጀምረው ቢሰለፉ
ሚሊዮንኛው እሱ ነው፤
ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ጀርባ ነበር ያነበብኩት።
ማመን ግን ሌላ ነው፤
በውኃ ካርቶን ላይ፣ በእርሳስ፣ አካፈልኩት።
ለሦስት፤ አንድ ቀረ።
ለሰባት፤ አንድ ቀረ።
ለአሥራ አንድ፤ ስምንት።
አምስት መቶ አርባ ስድስት ጊዜ፣
ካሬ ሥሩ ደጃፍ እስክደርስ ድረስ፤
የመጨረሻው ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነበር፣
እሱም አልገባ አለ፤
ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አራት ጥሎ ተመለሰ።
ሁለት ካሬ ደምሮም የሚያገኘው የለም፣
ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀረዋልና።
(ወንድሜ በስልክ ስለ ካሬ ሲያወራኝ
ይህን አላነሣሁም። እሱ የሚለው ቦታውን ነው።)

«ለዚህ ስንት ይከፍሉሃል?» አለኝ ሻህናዋዝ።
«ምንም።»
«ታዲያ?»

ታዲያማ፣
የአባቴ መሬት ለአምስት ተቆርሶ
ለአንዳችንም ጥማድ አልሞላ፤
ደሞዜ ለስድስት አፍ፣ አልጋዬ ለሁለት ፈረቃ፣
እንቅልፌ እንኳ ከሦስት ቦታ የተሰፋ፤
አንድ የማይከፈል ነገር በዓይኔ ልይ ብዬ ነው፣
ልለው ነበር። ዐረብኛዬ አልደረሰም።
«ሒልው» አልኩት፤ ጣፋጭ።
ውኃው መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ስልሳ ሁለት።
ለሁለት ይሰጣል፣ ለሦስት፣ ለሰባት፤ እጁ አይታጠፍም።
ጠቅ።
ስልሳ ሦስት።
ተነሥቼ ቆምኩ።
ፓምፑ ድምፁን አልለወጠም፣ ባሕሩም አልሰማ፤
አንዲት የእሳት ራት መስታወቱ ላይ ዐርፋ
ሁለተኛውን አምስት በክንፏ ሸፈነችው፤
እፍ አልኳት።
ጠቅ።
ስልሳ አራት፤ ለስምንት እኩል የሚቆረስ፣
የአንድ ግቢ ሰው ሁሉ የሚዳረስ።

መዝገቡ የሚፈልገው የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ነው።
ያን ጊዜ እሱ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ወደ ኋላ ነበር።
ንባቡን ሞላሁ፣ ፈረምኩ፤
«ማስታወሻ» በሚለው ጠባብ ረድፍ ውስጥ
ሁለት ፊደል አስቀመጥኩ፣ በእኛው ፊደል።
ሻህናዋዝ ጎንበስ ብሎ አየው።
«ስምህ ነው?» አለኝ።

ፈረቃው ሊያልቅ ሦስት ሰዓት ይቀረን ነበር።