ደህናው እንግዳ

ዶክተር ኪቴሪያ ሁለት ፎቶ ሰቀለች፣
"ያኛው የሰባት ዓመት፣ ይኼ የዛሬ" አለች።
"ብረቱ ይኸውላችሁ፣ ጭረት እንኳ የለው፣
እንደ ገባበት ቀን ፊቱ እንዳበራ ነው።
አጥንቱን ግን እዩት።"
አየሁት። ገባኝ። እንግዳው ደህና ነው፤
ቤቱ ነው ያለቀው።

አባቴ ዝም አለ። ቀኝ ክንዱን በግራው
እንደ ሰው አደራ ከጭኑ አስጠጋው።

አርባ ዓመት ሽቅብ ነው ያ ክንድ የኖረው፣
የፖርቶን ኮርኒስ በጀሶ ሲያስጌጠው፤
የወይን ነጋዴዎች እራት ሲበሉ
ቀና ብለው የሚያዩት አበባው ቅጠሉ
የቤልሚሮ እጅ ነው። ስሙ ግን የለበትም፤
ኮርኒስ ላይ ማንም ሰው ስሙን አይጽፍም።

ከዚያ አንድ መጋቢት ከመሰላል ወድቆ
የክንዱ አናት ፈረሰ፣ እንደ ሸክላ ደቅቆ።
ሉሉን በብረት ተኩ። ጽዋውን ተዉለት፤
"የራሱ አጥንት ጤና ነው፣ ምን እንነካለት?"
ግማሽ ጥገና ነው። እኛም ደስ አለን፣
ግማሹ ገና የሱ ነው ብለን።

አምስት ዓመት ሠራ። እናቴ አንድ ሌሊት
"የሚፋቅ ነገር አለ" አለች፣ አልሰማናት።
አይጥ ነው ብላ ወጥመድ ከአልጋው ሥር አኖረች።
አይቡ ደረቀ እንጂ አይጥ የሚባል አልመጣም፤
እሱ ካልተገላበጠ ድምፁም አይሰማም።

ከዚያ ማበጠሪያው ከራሱ አልደርስ አለ፣
ከዚያ ቀኝ እጅጌው ባዶ ተንጠለጠለ፣
ከዚያ "ጨው አቀብይኝ፣ ኢሪያ"፤ ከዚያ ምንም አላለ።

እያሳሳቀ ነው ለካ ውሃ የሚወስደው።
ብረቱ አልከፋበት፤ መዞር ነው ሥራው፤
ሲዞር ግን ይልጋል፣ በቀን የወረቀት ሲሶ፣
የቆመበትን ግንብ ራሱ አፍርሶ።

ዶክተሯ ቀጠለች። "ሌላም መንገድ አለ፤
ሉሉ በጽዋው ቦታ ከተተከለ፣
ጽዋውም በሉሉ፣ ተገልብጦ ማለት፣
ክንዱ ቀና ይላል። ግን ችግር አለበት፤
ብሎን የሚይዝ አጥንት መትረፉን እንጃ።"

አባቴ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለ፤
"ግድግዳው ምስማር አይዝም ማለትዎ ነው?" አለ።
"እንደዚያ ነው" አለችው።

ተነሣ። የክፍሏን ግድግዳ ተጠግቶ
በግራ እጁ አንጓ መታ፣ ጆሮ ሰጥቶ፤
አንዴ እዚህ፣
አንዴ እዚያ።
"ይኼ ልስን ለቋል፤ ከሥሩ ባዶ ነው፤
ቀለሙ ነው እንጂ አሁን የያዘው።"
እሷ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ስንመለስ ያካፋል። የሰፈራችን ደረጃ
ጥቁር ድንጋይ ነው፣ መሃሉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ፤
ስንት መቶ ዓመት ሰው ሽቅብ ቁልቁል ሄደ።
ማን ቦረቦረው ቢሉ ማንም አልቦረቦረ፤
ሁሉም ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራው ነበረ።

አባቴ መሃሉን ትቶ በዳር በዳር ወጣ፣
ጠባቧ ጠርዝ ላይ፣ አንድ አንድ እግር እያስቀደመ።
"ለምን?" አልኩት፣ ኮቱን ይዤ ከኋላው።
"መሃሉ ይረፍ" አለ፤ "እስቲ ዛሬን እንተወው።"